የመብራቷ ስም ጥሪ

ባለፈው ማክሰኞ አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አርፍዷል። ወረፋተኛው ሁሉ እርጥብ ጃንጥላውን በእግሩ መሃል አቁሞ፣ እንቅልፍም ንቃትም ባልሆነ ነገር ውስጥ ሰምጧል። እኔም እንደዚያው። ጉዳዬ ምን እንደነበር ብነግራችሁ ምንም አይጠቅማችሁም። ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ሥር ያለው ዩፒኤስ፣ ያ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ጥቁር ሳጥን፣ አንዴ «ጢጥ» አለ። መብራቱ ለቅጽበት ሄዶ ተመልሷል። ጸሐፊዋ ቀና እንኳ አላለችም። እኔ ግን በስሜ የጠሩኝ ይመስል ዞር አልኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት «ምነው ልጄ፣ ደነገጥክ?» አሉኝ።

ፀጉሬ ከግማሽ በላይ ሸብቷል፤ ልጄ መባሌ ደስ አሰኘኝ። «የለም አባቴ፣ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ትዝታ የሚባለው ነገር ከዝናብ ጋር እንደሚመጣ የሚያውቁ ሰው መሰሉኝ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ሶዶ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ እማራለሁ። አያቴ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ ቤታችን አማርኛ እንናገራለን፣ ከበር ስንወጣ ወላይትኛ እንሰማለን። መስማቱ ላይ ደህና ነበርኩ፣ መናገሩ ላይ ግን ሰነፍ። ከክፍሉ ጎበዝ ማን ነው ቢባል ጣት ወደኔ ይቀሰር ነበር። ምን ልበላችሁ፣ እኔም ጣቱን እየጠበቅኩ ነበር የምቀመጠው። የዚያን ዘመን ዮናስ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም የምለው አይመስለኝም።

ለመጨረሻው ፕሮጀክት ከአማረች ጋር መደቡን። አማረች ከቤሌ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር የመጣች፣ ከኛ በዕድሜ የምትበልጥ ልጅ ነበረች። ኮሌጅ ከመግባቷ በፊት ሁለት ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምራለች። ቤቷ ወላይትኛ እንጂ አማርኛ አይነገርምና ስትናገር ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች። ክፍሉ ይስቅባት ነበር። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። እሷ ሲሳቅባት ታቆምና ሳቁ እስኪያልቅ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ከብዙ ሕፃናት ጋር ሁለት ዓመት የኖረ ሰው ትዕግሥት ነው።

ፕሮጀክቱ ምን መሰላችሁ? ቁልፍ ስትጫን ትንሽ መብራት እንድትበራ፣ ስትለቅ እንድትጠፋ ማድረግ። አትሳቁ። ማንኛውም የሰፈር ኤሌክትሪሺያን በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ የሚጨርሰውን ሥራ እኛ አንድ ወር ሙሉ ፈጀንበት። ነገሩ ያለው ሥራው የሚሠራበት ቦርድ ላይ ነው። ኤፍ ፒ ጂ ኤ ይባላል። መሃሉ ላይ ያለው ቺፕ በራሱ ምንም አይደለም። ዲዛይን ሠርተህ ትጭንበታለህ፣ እሱም የጫንክበትን ይሆናል። ፕሮሰሰር ሁን ካልከው ፕሮሰሰር ይሆናል፤ ሶፍት ፕሮሰሰር የሚሉት ይህንኑ ነው። ከዚያ ፕሮሰሰሩ የሚያነበው ፕሮግራም ትጽፋለህ፣ ያንንም ለብቻው ትጭናለህ። አማረች ዲዛይኑን፣ ማለትም ሃርድዌሩን ያዘች። እኔ ፕሮግራሙን ያዝኩ።

ለኔ ፕሮጀክት ነው። ለአማረች ግን ከዚያ በላይ ነበር። ባለፈው መንፈቅ ውጤቷ ወርዶ ዋርኒንግ ተሰጥቷታል። ይህን ኮርስ ከወደቀች ትሰናበታለች፣ ወደ ኮሌጁም አትመለስም። ይህንን አንድም ቀን አንስታልኝ አታውቅም። የነገሩኝ ሌሎች ናቸው።

የቸገረን ይህ ነው፦ መብራቷ አንዳንዴ ትበራለች፣ አንዳንዴ አትበራም። ጨርሶ እምቢ ብትል ይሻል ነበር። ሰኞ ቁልፉን ስንጫን ቦግ ትላለች፣ እንደ ልጅ እንስቃለን። ረቡዕ ምንም ሳንነካ እምቢ ትላለች። ቁልፉ ሲጫን አንድ ሳይሆን ዜሮ እንደሚሰጥ ደርሼበት ፕሮግራሜን ገለበጥኩት። ቁልፉ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ሦስቴ የተጫነ ይመስለው ይሆናል ብዬ ማቆያ ጊዜ ጨመርኩ። ሽቦ ነቀልን፣ ሽቦ ሰካን። የሰኔ ዝናብ መስኮቱ ላይ ይወርዳል፣ ዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ከሰዓት በኋላ ጭራሽ የሌለ ይመስላል። እኛ አንዲት የስንዴ ፍሬ ከምታክል መብራት ፊት ተቀምጠን እንጠብቃለን። አሁን ሳስበው ያ ወር ሙሉ አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ይመስለኛል።

አማረች ታዲያ ደብተር ነበራት። መምህር ሳለች የለመደችውን የስም ጥሪ መስመር አስምራ፣ መብራቷን እንደ አንዲት ተማሪ መዝግባታለች። ሞከርን፣ በራች፤ «ተገኘች» ብላ ሰዓቱን ትጽፋለች። ሞከርን፣ እምቢ አለች፤ «ቀረች» ትላለች። ከጎኑ ማስታወሻ አለው፦ ነፋስ ነበር፣ ዝናብ ጀመረ፣ ምሳ ወጣን፣ ዩፒኤሱ ጮኸ። እኔ ይህን ሳይ ሆዴን ይዤ ነበር የሳቅኩት። «ወላጅ ይዘሽ ነይ በያት እንግዲህ» አልኳት። እሷም ፈገግ አለችና ጽሑፏን ቀጠለች።

አሁን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፣ ኋላ እንዳታዝኑብኝ። በመጀመሪያው ቀን ፕሮግራሜን ቦርዱ ላይ ልጭን ስል ኮምፒውተሩ ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ትርጉሙ «ፕሮግራም የጻፍክለት ሃርድዌርና ቦርዱ ላይ ያለው ሃርድዌር አንድ አይደሉም» የሚል ነው። ከሥሩ ትንሽ ሳጥን አለች፤ እዚያ ላይ ምልክት ካደረግክ ማስጠንቀቂያውን ትቶ ያልፍልሃል። ከኛ ቀደም ያለ አንድ ተማሪ በትከሻዬ በኩል አየና «እሱን ምልክት አድርገህ እለፍ፤ እኛም ያለፉት እንዳሳዩን ነው የምናደርገው» አለኝ። እንዲህ ያለ ምክር በኮሌጃችን ከማስተማሪያ መጽሐፍ በላይ ይከበር ነበር። ምልክት አደረግኩ። ከዚያ በኋላ ቀይ ጽሑፉ አልመጣም፤ ኮምፒውተሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አስባልኩት፣ እኔም ረሳሁት።

ሥራችንን ለመምህራችን የምናሳይበት ሰኞ ደረሰ። መምህር አስራት ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ሁልጊዜ የሚጣደፉ። ክፍሉ ሞልቷል። አማረች ዲዛይኑን ጫነች፣ ወረፋችን እስኪደርስ ትንሽ ቆየን፣ ከዚያ እኔ ፕሮግራሙን ጫንኩ። መምህሩ በአውራ ጣታቸው ቁልፉን ተጫኑ። ምንም። ደግመው ተጫኑ። ምንም።

«ችግሩ ከየት ነው?» አሉ፣ ሰዓታቸውን እያዩ።

አሁንም ድረስ ያንን ቅጽበት ስመለከተው ሰፊ ነው፤ ብዙ ቃል ሊገባበት ይችል ነበር። እኔ ያገኘሁት ግን ይህን ነው፦ «ፕሮግራሙ የኔ ነው መምህር፣ እሱ ችግር የለበትም። ሃርድዌሩ የሷ ነው።»

መምህሩ አማረችን አዩዋት። አማረች ቦርዱን አየች። «እንግዲያው አንተ ጨርሰሃል» አሉኝ። ለሷ ደግሞ «አንቺ ዓርብ ጠዋት አስተካክለሽ ታሳይኛለሽ። ካልበራ ማርክ የለም» አሏትና ወደሚቀጥለው ቡድን አለፉ። ማርክ የለም ማለት ለአማረች ምን ማለት እንደሆነ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ጓደኞቼ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አማረች ደብተሯን ዘግታ ወጣች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ማክሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪ ሄጄ ስጠብቃት ዋልኩ፣ አልመጣችም። የመኝታ ክፍል ጓደኛዋን ስጠይቃት «ቤሌ ሄዳለች» አለችኝ፤ ቀጥላም ዓይን ዓይኔን እያየች «ብርድ ልብሷን ይዛ ነው የሄደችው» አለች። ተማሪ ብርድ ልብሱን ይዞ ከሄደ አይመለስም። ቆሌዬ ተገፈፈ። ስልክ ብደውል አይሠራም፤ እነ አማረች ሰፈር ያኔ ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም።

ረቡዕ ማለዳ መናኸሪያ ሄጄ የቤሌን ቅጥቅጥ ተሳፈርኩ። ለምን እንደምሄድ እንኳ በቅጡ አላውቅም። መኪናው ሞልቶ እስኪነሳ አንድ ሰዓት ፈጀ። ከሶዶ ስንወጣ ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል፤ የእንሰት ቅጠል ከዚህም ከዚያም እየወጣ በመስኮቱ ያልፋል፣ ከዚያ ይጠፋል። ወደ ምዕራብ እየወረድን ስንሄድ አየሩ ሞቅ፣ ሰማዩ ገለጥ እያለ መጣ። በቆሎው አበባ አውጥቷል። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ዶሮ ታቅፈዋል፤ ዶሮዋም እኔም አንገታችንን ደፍተን እናንቀላፋለን። በእንቅልፌ መሃል መብራቷ ትበራለች፣ ስነቃ ትጠፋለች። ያን መንገድ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ እንደዚያን ቀን ረጅምና ለስላሳ ሆኖ ግን አላገኘሁትም።

ቤሌ ገበያው ዳር ወርጄ የአባቷን የአቶ ዳናን ቤት ጠየቅኩ። ያሳየኝ ሰውዬ ግማሽ መንገድ ድረስ ሸኘኝ። ከእንሰቱ ጀርባ ግቢው ሲታየኝ አማረች ከእናቷ ጋር ስኳር ድንች እያጠበች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አልደነገጠችም። ወይም እንዳልደነገጠች ሆነች።

«ዮናስ፣ ለምን መጣህ?» አለችኝ።

«ዓርብ አለብሽ እኮ» አልኩ። ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት፤ አፌ ላይ የቀረችው ግን ይህች ብቻ ነች።

አባቷ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። «ሳሮ፣ ሳሮ» እያሉ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝ። ሰላም ነህ ወይ ማለታቸው ነው። በወላይትኛ ልመልስ ሞከርኩ፣ ቃላቱ ተደናበሩብኝ። ማንም አልሳቀም። ያ ነገር እንዴት እንዳሳፈረኝ ልነግራችሁ አልችልም።

እናቷ በቅቤ የራሰ ሙቹዋ አቀረቡልኝ፣ ያ ከእንሰት የሚሠራው የክብር ምግባቸው። እኔ ደግሞ ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነኝ፤ እነሱ ፕሮቴስታንት ስለሆኑ ረቡዕን አይጾሙም። እንዴት አልበላም ልበል ብዬ ስጨነቅ አማረች ለእናቷ አንድ ነገር በጆሯቸው ነገረቻቸው። ሙቹዋው ተነሳና የተቀቀለ ስኳር ድንች ከዳጣ ጋር መጣ። ዳጣው ዓይኔን በእንባ ሞላው። እንባው ከቃሪያው ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ።

ከመብላታችን በፊት አቶ ዳና ጸልየው ነበር። የሳቸው ጸሎት ረጅም ነው፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ እንግዳው ጸለዩ። ከዚያ በወላይትኛ ስለ አንዲት ትንሽ መብራት ሲጸልዩ ሰማሁ። የቤቱ ሰው በሙሉ «አሜን» አለ። ልጅቷ ወደ ቤት የመጣችበትን ምክንያት ለወላጆቿ ነግራለች። እኔ የተናገርኩትን ግን አልነገረቻቸውም፤ ነግራቸው ቢሆን ያ ሁሉ ደግነት ከየት ይመጣል?

ምሳ ሲያበቃ ደብተሯን አመጣች። ከእንሰቱ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ትልቅ ነገር ለመፈለግ አልነበረም፤ የምንነጋገረው ስላጣን ይመስለኛል። ገጹን በጣቷ እየወረደች ታነብብልኛለች። «ሰኞ አራት ሰዓት፣ ተገኘች። ሰኞ ስምንት ሰዓት፣ ዩፒኤሱ ጮኸ፣ ቀረች። ረቡዕ ሦስት ሰዓት፣ ነፋስ፣ ዩፒኤሱ ጮኸ፣ ቀረች። ሐሙስ ዲዛይኑን እንደገና ጫንኩ፣ ተገኘች። ዓርብ ዩፒኤሱ ጮኸ...» እዚያ ላይ ድምጿ ቆመ።

«ዩፒኤሱ ሲጮኽ ምንድነው?» አለችኝ።

«መብራት ለቅጽበት ሲቋረጥ ነው። ግን እሱ ችግር የለውም፣ ኮምፒውተራችንን ዩፒኤሱ ይዞታል።»

«ቦርዱንስ?»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ቦርዱ ዩፒኤሱ ላይ ቦታ ስላልነበረ ግድግዳው ላይ ነበር የተሰካው። የሶዶ መብራት በሰኔ ነፋስ በቀን ስንት ጊዜ ብልጭ ድርግም እንደሚል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቀን ነው፣ አምፖል አልበራም፣ ኮምፒውተሩ አልጠፋም። ሳጥኑ «ጢጥ» ይላል፣ እኛም ለምደነዋል።

አማረች ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። «ቦርዱ እኮ ትረሳለች» አለች፣ ቀስ ብላ። «እኔ የጫንኩትን ትረሳለች። መብራት ሲመለስ ውስጧ የተቀመጠውን የድሮውን ታነሳለች።»

ልክ ነበረች። ከኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የራሳቸውን ዲዛይን ቦርዱ ሲጠፋም በማይለቀው ማህደረ ትውስታው ውስጥ አስቀምጠውት ሄደዋል። መብራት በተቋረጠ ቁጥር የአማረች ዲዛይን ይጠፋል፣ የነሱ ይነቃል። የነሱም ፕሮሰሰር አለው፣ ስለዚህ ፕሮግራሜን ይቀበላል። ግን የመብራቷ አድራሻ በነሱ ዲዛይን ሌላ ነው። ፕሮግራሜ የሚያንኳኳው ሰው የለቀቀውን ቤት ነበር። የሷ ዲዛይን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ስህተት አልነበረበትም።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ሁለቱ ካልተገናኙ ግን ኮምፒውተሩ አይነግረንም ነበር?»

ቀይ ጽሑፉ፣ ትንሿ ሳጥን፣ ምልክቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ። አፌን ከፈትኩና «እንጃ» አልኩ። አንዲት ቃል። አማረች ትንሽ ጠበቀች፣ ሳቅ እስኪያልቅ እንደምትጠብቀው። ከዚያ ተነስታ ብርድ ልብሷን ለማጣጠፍ ገባች።

ሐሙስ ጠዋት አብረን ተመለስን። አባቷ መኪናው ድረስ ሸኙን። አማረች ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ውጭ ውጭውን ታያለች። እኔ በየመንደሩ «አሁን እነግራታለሁ» እላለሁ፤ መንደሩ ያልፋል። ሶዶ ስንደርስ በቀጥታ ላቦራቶሪ ገባን። ዲዛይኗን ጫነች፣ በራች። የቦርዱን ሶኬት ነቅላ መለሰች፣ ቀረች። አንድ ወር ሙሉ ያሰቃየን ነገር በሁለት ደቂቃ ታየ። ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ፣ ፕሮግራም የሚጫንበትን ገጽ ከፍታ፣ ያቺን ሳጥን አገኘቻት። ምልክቱን አነሳችው። ቀዩ ጽሑፍ ወጣ። እኔን ቀና ብላ አላየችም፣ ምንም አላለችም። ቢናገሩ የሚሻልበት ዝምታ አለ።

ዓርብ ጠዋት መምህር አስራት ቁልፉን ሲጫኑ መብራቷ ቦግ አለች። ሲለቁ ጠፋች። «ጥሩ» ብለው ሊጽፉ ሲሉ ነፋስ መስኮቱን መታው፣ ከጠረጴዛው ሥርም ያ ድምፅ መጣ። ጢጥ። መምህሩ ደግመው ተጫኑ፤ ምንም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አማረች ግን ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። «መብራት ስለሄደ ቦርዱ ረስታለች፣ መምህር» አለች። ኮምፒውተሩ ላይ ቀዩን ጽሑፍ አሳየቻቸው፣ ዲዛይኗን እንደገና ጫነች፣ ከዚያ ፕሮግራሙን። «አሁን ይጫኑት።» በራች። መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓታቸውን ረስተው ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። እሷም የስም ጥሪ ደብተሯን ከፍታ ከመጀመሪያው አስረዳቻቸው። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማ፤ አማርኛዋ ላይ የሳቀ አልነበረም።

በመጨረሻ መምህሩ «ይህ ማስጠንቀቂያ ከመጀመሪያውም መውጣት ነበረበት። እንዳይወጣ ምልክት ያደረገው ማን ነው?» አሉ።

እጄን ማንሳት ነበረብኝ። እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አየሁት፣ አልተነሳም።

«እኔ ነኝ» አለች አማረች።

መምህሩ ለዚያ ጥቂት ማርክ ቀነሱባት። አለፈች። አልተሰናበተችም። ከኮሌጁም ተመረቀች፤ አሁን ቢጠና ከተማ ኤሌክትሮኒክስ ታስተምራለች፣ ሁለት ልጆች አሏት። በዓል በመጣ ቁጥር እንደዋወላለን። እኔ እዚሁ ሶዶ የጥገና ሱቅ አለኝ። ያቺን «እኔ ነኝ» ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን አንስተናት አናውቅም። ውለታ ናት ብዬ በልቤ አስቀምጫታለሁ። ስለኔ ብላ ዋሸች፣ ስለኔ ብላ ማርኳን ሰጠች፣ እያልኩ ራሴን ስወቅስ ኖሬአለሁ። አንዳንዴ ወቀሳውም ይጣፍጠኝ ነበር መሰለኝ።

ማክሰኞ ዩፒኤሱ ከጮኸ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። አዛውንቱን «ወረፋዬን ይያዙልኝ» ብዬ በረንዳ ላይ ወጣሁና ደወልኩላት። ዝናቡ ከቆርቆሮው ጫፍ እንደ መጋረጃ ይወርዳል። በዓል ስላልነበረ ድምጿ ደነገጠ፤ «ሰላም ነው? ልጆች ደህና ናቸው?» አለችኝ። ደህና ናቸው አልኳት፤ ከዚያ ሳልተነፍስ አወጣሁት። «አማረች፣ ያቺን ሳጥን ምልክት ያደረግኩት እኔ ነበርኩ። አንቺ እኔን ብለሽ የኔን ጥፋት ወሰድሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከዚያ ሳቀች፣ እንደ ጥንቷ፣ ቀስ ብላ።

«አንተን ብዬ መስሎህ ነበር?» አለችኝ። «ዮናስ፣ አንተን ብዬ አይደለም። ያኔ ጥፋቱ ያንተ ነው ብል መምህሩ ‹እንግዲያው ያገኘውም እሱ ነው፣ ላንቺ ያስረዳሽም እሱ ነው› ይሉ ነበር። ክፍሉም እንደዚያ ነበር የሚያስበው። እኔ አጠፋሁ፣ እኔ አገኘሁ፣ ሁሉም የኔ ይሁን ብዬ ነው። ጥቂት ማርክ ምን ይሆናል?»

ኩም አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩት ውለታ ጭራሽ ለኔ የተዋለ አልነበረም። ልስቅም ላለቅስም አማረኝ። «እንግዲያው ነገሩ ቀሏል» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

«የለም፣ አልቀለለም» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም። «ሌላ አለ። ሰኞ ዕለት መምህሩ ፊት ‹ሃርድዌሩ የሷ ነው› ያልከው። እሱ ነው ያመመኝ። ብርድ ልብሴን ያስያዘኝ እሱ ነው። ቤሌ ድረስ መጣህ፣ ስኳር ድንች በላህ፣ ተመለስክ። ለእሱ ይቅርታ አንድም ቀን አልጠየቅከኝም።»

የበረንዳውን ምሰሶ ያዝኩ። ቤሌ መሄዴን እንደ ይቅርታ ቆጥሬው ነበር። ያን ሁሉ መንገድ የሄደ ሰው ቃሉን መናገር አይጠበቅበትም ብዬ ነበር ለካ። ሰው ከጥፋቶቹ መካከል የሚጸጸትበትን ራሱ ሲመርጥ፣ የሚያምረውን ነው የሚመርጠው። እኔ የመረጥኩት አንዲት ደግ ሴት እኔን ስታድን የሚያሳየውን ገጽ ነው። እኔ እሷን ስገፋት የሚያሳየውን ገጽ ግን ከፍቼው አላውቅም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «መምህሩ ፊት ስላልኩት። ስህተቱ የኔ ነበር፣ ስህተቱ የኔ ባይሆን ኖሮም እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም።»

ከወዲያ በኩል ደወል ሲደወልና ልጆች ሲንጫጩ ሰማሁ። የዝናቡን ድምፅ በስልኩ ውስጥ የሰማችው ይመስለኛል፣ እኔም የሷን ዝናብ ሰማሁ። እዚያ ቢጠናም እየዘነበ ነበር።

«እሺ» አለችኝ በመጨረሻ። «አሁን ሰማሁህ። ክፍል አለኝ፣ ልሂድ።»

ስልኩ ተዘጋ። ወደ ውስጥ ስመለስ ተራዬ አልፎ ነበር፤ አዛውንቱ «ጠርተውህ ነበር ልጄ፣ አልሰማህም» አሉኝ። ምንም አይደለም አልኳቸውና ከወረፋው መጨረሻ ሄጄ ተቀመጥኩ።